ማንም ያልያዘው ቃሬዛ

ሰው ሲታመም እጅ ይዘረጋል። እኔ ያደግሁት እንደዚያ ነው፤ እናንተም ከዚህ የተለየ አልተማራችሁም። አንድ ቀን ግን የገዛ እህቴ ምጥ ጠንቶባት ቃሬዛ ላይ ተኝታ ሳለ፣ የከበባትን ሰው ሁሉ «እጃችሁን አንሱላት» ያልኩ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ስልሳ ክረምት አለፈ። ልክ ሠርቼ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ምናልባት ከእናንተ የሚያውቅ ይኖር ይሆናል ብዬ፣ እንዴት እንደነበረ ላጫውታችሁ።

ዘመኑ የሃምሳዎቹ መግቢያ ነው። ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው። እናትና አባታችን ቡልጋ ሲሞቱብን እኔና ታላቅ እህቴ አስካለ አጎታችንን ተከትለን አርሲ ገባን። አስካለ ከጭላሎ ግርጌ ገመቹ የሚባል ገበሬ አገባች። እሷ ረጋ ያለች ናት፤ ባረፈችበት የምትበቅል። የእኔ እግር ደግሞ አንድ ቦታ አይጸናም። ዛሬ ሁሩታ ገበያ፣ ነገ አርቦዬ፣ ሲለኝም ጢቾ ድረስ ቅቤ ይዤ ስዞር ቆየሁና፣ በዚያ ዓመት አሰላ ሐጂ ከድር የሚባሉ ነጋዴ የእህል መጋዘን ውስጥ ተቀጠርኩ። ገብስ አበጥራለሁ፣ ስንዴ እለቅማለሁ፣ የተቀደደ ጆንያ እሰፋለሁ። እስከዚያ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት አርጅቼ ነው፣ ያውም የልጅ ልጆቼ እየሳቁብኝ። ስለዚህ ጽሑፌ ወዲያ ወዲህ ቢልባችሁ፣ እግሯም እንደዚሁ ነበር በሉና እለፉኝ።

መስቀል አልፎ ትምህርት ቤት እንደተከፈተ ነው። የዚያን ዓመት ግን ዝናቡ አልወጣ ብሎ አስቸግሮ ነበር። አንድ ጠዋት መምህር ይልማ የሚባል ቀጭን ሰው ተማሪዎቹን አስከትሎ የመጋዘኑ በር ላይ ቆመ። ያኔ አንቱ ነበር የምለው፤ አሁን ሳስበው ግን ልጅ እግር ነበርና «አሉ» ለማለት ብዕሬ እምቢ ይለኛል። ሐጂን ሚዛንዎን ለአንድ ሰዓት ያውሱኝ አላቸው። ሐጂም ውሰድ፣ ብቻ እህሉን እንዳትረግጡብኝ፣ ልጆቹም ጥሬ እየዘገኑ እንዳይቆረጥሙ አሉት።

የሐጂ ሚዛን ሰው የሚቆምበት ወለልና ሰዓት የመሰለ ክብ ፊት ነበረው። ክብደት ሲያርፍበት መርፌው ይዞራል። ያንኑ የመሰለ ሌላ ከጎረቤት ነጋዴ ተዋሱ። ሁለቱን አራርቀው አስቀመጡና ከአንዱ ወደ አንዱ ወፍራም ሳንቃ አጋደሙ። ልክ ድልድይ መሰለ። ተማሪዎቹ እኔ ልውጣ እኔ ልውጣ እያሉ ሲገፋፉ፣ የመምህሩ ዓይን እኔ ላይ አረፈ። ግማሽ ጆንያ ገብስ በጀርባዬ አዝዬ ወደ ውስጥ እየገባሁ ነበር።

«እህቴ፣ እንደተሸከምሽ እዚህ ላይ ትቆሚልኛለሽ?» አለኝ።

ሐጂን አየኋቸው። «ውጪ እንጂ፤ ጥሩ ከመዘንሽ ከገብሱ ጋር እንሸጥሻለን» አሉ። ልጆቹ ሳቁ።

መሃል ላይ ቆምኩ። ሁለቱ መርፌዎች እኩል ወጡ። መምህሩ መርፌዎቹ የቆሙበትን በየመስታወቱ ላይ በከሰል ምልክት አደረገበት። ከዚያ ወደ ግራ ተራመጂ አለኝ። ስራመድ በግራዬ ያለው መርፌ ሲወጣ በቀኜ ያለው ወረደ። ጫፍ ስደርስ የግራው እኔን ከነገብሴ ወሰደኝ፤ የቀኙ ደግሞ እኔን ረስቶ ከሳንቃው ድርሻውን ብቻ ይዞ ቀረ። ወደ ቀኝ ስመለስ ተገላቢጦሽ ሆነ።

«ክብደትሽ አልጨመረም፣ አልቀነሰም» አለኝ። «የሚሸከሙሽ ሁለቱ ናቸው። የትኛው ይበልጥ ይሸከም የሚለውን የምትወስኚው በቆምሽበት ቦታ ነው።»

ይህችስ ወዲያው ገባችኝ ብል አልዋሸሁም። ቃሬዛ በራስጌው በኩል እንደሚከብድ የማያውቅ ማን አለ? እኔን ያደናበረኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። መልሶ መሃል ላይ አቆመኝ፤ አብራኝ የምትሠራውን ዘይነባን ጠራትና ሁላችንንም ጠየቀ። ዘይነባ ሳንቃው ላይ ወጥታ ጆንያውን ከኋላዬ ብትደግፍልኝ መርፌዎቹ ይወርዳሉ ወይስ ይወጣሉ? ይወርዳሉ አልኩ። ዘይነባም ይወርዳሉ አለች። ሐጂ ከበሩ ላይ ሆነው «ይኼ ደግሞ ይጠየቃል? ለሁለት ሲያዝ ይቀላል» አሉ።

ዘይነባ ወጣችና ጆንያውን ከኋላ ብድግ አደረገችው። ጀርባዬ ቀለለኝ፤ ትንፋሼ ተመለሰ። መርፌዎቹ ግን ከከሰሉ ምልክት አልፈው ወደ ላይ ሄዱ።

«ኧረ ጌታዬ፣ እኔን ቀሎኛል» አልኩ።

«አንቺን ቀሎሻል፤ ሳንቃውን ግን ከብዶታል» አለ መምህሩ። «ዘይነባ የረዳችው አንቺን ነው። ሳንቃውን አልረዳችውም፤ እሷም ተጨመረችበት እንጂ።»

ቀጥሎ ዘይነባን አወረዳትና መሬት ላይ ቆማ ጆንያውን በእጇ ከታች ደገፍ እንድታደርገው ነገራት። ያን ጊዜ መርፌዎቹ ከከሰሉ ምልክት በታች ወረዱ። እጇ ያው እጇ ነው፤ ጆንያውም ያው ጆንያ። የተለወጠው ዘይነባ የቆመችበት ቦታ ብቻ ነው።

ሚዛኑን መልሰው ከሄዱ በኋላ ስንዴ እየለቀምኩ ይኸው ነገር ሲያብሰለስለኝ ዋለ። ከጀርባዬ የወረደው ወዴት ሄደ? ዘይነባ እጅ ገባ። ከዘይነባ እጅስ? በእግሯ ወርዶ ተመልሶ ሳንቃው ላይ። ታዲያ ካልጠፋ፣ እኔ ምኑ ነው የቀለለኝ? እዚህ ላይ ስደርስ ይምታታብኛል። እንደገና ከጀርባዬ እጀምራለሁ። ዘይነባ ግን ሚዛኑ ተበላሽቷል፣ ሐጂ እንዲያሳስት ያሠሩት ነው ብላ ተገላገለች።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ የገመቹ ጎረቤት እያለከለከ መጣ። አስካለ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ የመንደሩ አዋላጆች አልቻሏትም፤ በቃሬዛ ወደ አሰላ ሐኪም ቤት ሊያወርዷት ተነሥተዋል አለኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ለመንገድ የያዝኩትን የበሶ ከረጢት አንጠልጥዬ ወደ ላይ ወጣሁ።

በመንገዱ መካከል ወንዝ አለ። ድልድዩ ጎን ለጎን የተጋደሙ ሦስት የጽድ ግንዶች ናቸው፤ ላያቸው በመጥረቢያ ጠፍጠፍ ተደርጓል። ወንዙ የዚያን ቀን ቀይ ነበር፤ ድምፁ ሰውን አያነጋግርም። በአሰላ በኩል ግንዶቹ ያረፉበትን አፈር ጎርፉ ከሥር ቦርቡሮት፣ ጫፋቸው ስንዝር በማትሞላ መሬት ላይ ተንጠልጥሏል። ብቻዬን ስሻገር እንኳ ከሥሬ አፈር እየተፈረፈረ ውኃው ውስጥ ሲገባ አየሁ። ያኔ ግን ሐሳቤ ሁሉ አስካለ ጋ ስለነበር ዝም ብዬ አለፍኩት።

ከወንዙ ማዶ ብዙም ሳልርቅ አገኘኋቸው። በእኛ አገር መንገደኛ ቃሬዛ ካጋጠመው አያልፍም። የያዘውን አስቀምጦ፣ ቢያንስ ጥቂት እርምጃ ትከሻውን ሰጥቶ ነው የሚሄደው። ከቤት ሲነሱ ስድስት የነበሩ፣ ስደርስባቸው ከአሥራ አምስት በልጠዋል። ገብስ ጭነው ወደ አሰላ የሚወርዱ አህያ ነጂዎች ሳይቀሩ ተቀላቅለዋል። ገመቹ በራስጌዋ በኩል ተሸክሟል፤ ከማለዳ ጀምሮ አልለወጥም ብሎ አንገቱ ቆስሏል። የመንደሩ ሽማግሌ ኦቦ ቱሉ ከፊት ይመራሉ። የገመቹ እናት አዴ ሎሚ ሲንቄያቸውን ይዘው ከጎን ይሄዳሉ። ሲንቄ የአርሲ ሴት ስታገባ ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው። ለመምቻ አይደለም። ሴት እሱን ይዛ ስትቆም ወንድ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

አስካለ ዓይኗን ገለጠች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

«መጣሽ?»

«አለሁ።»

እጄን ያዘች። ከዚያ በኋላ ወንዙ ድረስ አልለቀቀችኝም።

ድልድዩ አፍ ላይ ቆምን። ኦቦ ቱሉ ዳር ዳሩን አዩና ትእዛዝ ሰጡ። በራስጌ አራት፣ በግርጌ አራት፣ የቀራችሁት ከግራ ከቀኝ ደግፉ አሉ። «ሁላችንም ከያዝናት አትከብድም» አሉ። ሰዉም እሺ ብሎ ተጠጋ። የሚያዝንላት ሁሉ እጁን ጣለ፤ ቃሬዛው በእጅ ተሸፈነ።

እዚያ ላይ ነው መርፌዎቹ ትዝ ያሉኝ። ከከሰሉ አልፈው ሲወጡ።

«ኦቦ ቱሉ» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። ደገምኩት። «ኦቦ ቱሉ፣ ሁሉም አብሮ ከገባ ድልድዩን ይከብደዋል።»

«ልጄ፣ ሰው ሲበዛ ይቀላል እንጂ አይከብድም። ደግሞ ትናንት ፈረስ ተሻግሮበታል።»

«አንድ ፈረስ ነው።»

«አስካለ ከፈረስ ትከብዳለች?»

«የምትከብደው አስካለ አይደለችም። እናንተ ናችሁ።»

ይህን ከማለቴ መናገሬን ጠላሁት። ከማለዳ ጀምሮ ትከሻቸው የተላጠ ሰዎች ናቸው። ገመቹ ወደ እኔ ዞሮ ከከተማ መጥተሽ እኛን ሸክም አደረግሽን አለኝ። ይህን ማን ነገረሽ ሲሉኝ ሚዛን ላይ አየሁት አልኩ። አንዱ አህያ ነጂ «ሐጂ ከድር ሰው መመዘን ጀመሩ እንዴ?» አለ። ሳቅ ያላሰበ ሰው ሁሉ ሳቀ።

እንዴት አድርጌ እንደማስረዳ ጨነቀኝ። እኔ ራሴ በውል ያልገባኝን ነገር! ሚዛን የለ፣ ሳንቃ የለ። የአህያ ነጂውን ዱላ ተቀበልኩት። ሁለት ሰዎች ቁጢጥ ብለው መዳፋቸውን በዱላው ጫፍና ጫፍ ሥር እንዲያደርጉ ለመንኩ። የበሶ ከረጢቴን መሃል ላይ አንጠለጠልኩ። ከዚያ ገመቹን «ክርንህን ዱላው ላይ ተደገፍና ከረጢቱን በዚያው እጅህ ብድግ አድርገው» አልኩት። በንዴት አደረገው።

«ቀለላችሁ ወይስ ከበዳችሁ?» አልኳቸው።

ሁለቱ ተያዩ። «ከበደ» አለ አንዱ።

«አሁን ደግሞ ሳትደገፍ አንሳው።»

«ቀለለ።»

ገመቹ ከረጢቱን ለቀቀውና «ሚስቴ እየሞተች ነው፤ እኛ እንጫወታለን» አለ። እውነቱን ነበር። አፍሬ ዱላውን ልመልስ ስል አዴ ሎሚ መጡ። አንዱን ሰው አስነሥተው በቦታው ቁጢጥ አሉና መዳፋቸውን ዘረጉ። «በእኔ እጅ» አሉ። ልጃቸው ተደግፎ አነሳ፤ ሳይደገፍ አነሳ። እንደገና አስደገሙት። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

«ዱጋ» አሉ። እውነት ነው ማለታቸው ነው።

ተነሥተው ሄዱና ሲንቄያቸውን ድልድዩ አፍ ላይ አጋደሙት። የተጋደመ ሲንቄ ተሻግሮ የሚያልፍ ወንድ የለም። ኦቦ ቱሉ እንኳ አንድ እርምጃ ወደኋላ አሉ። አዴ ሎሚ ወደ እኔ ዞሩ። «በይ፣ ምን እናድርግ?»

ሰው ሁሉ አየኝ። እኔ ግን የማይሆነውን እንጂ የሚሆነውን አላሰብኩም ነበር። ጆሮዬ ውስጥ ወንዙ ብቻ ይጮኻል። ወርጄ ውኃው ውስጥ ልግባ ይሆን ብዬ እንኳ አሰብኩ። ከዚያ ዘይነባ መጣችብኝ፤ ሳንቃው ላይ ያለችው ሳትሆን መሬት ላይ የቆመችው። እርዳታው ካልቀረ ከዳር ይሁን።

«ገመድ» አልኩ። «የአህዮቹን የጭነት ገመድ።»

አህያ ነጂዎቹ ጭነታቸውን አራግፈው ገመዳቸውን ሰጡ። ስድስት ሰዎች አንድ በአንድ ተሻገሩ። አንዱ ሳይወርድ ሌላው አይረግጥም። ገመዶቹን ቀጣጠልን። በፊት በኩል ሁለት፣ በኋላ በኩል ሁለት አድርገን ከቃሬዛው አግዳሚዎች ጋር አሰርናቸው። የፊቱን ማዶ ያሉት ግራና ቀኝ ተራርቀው ይስባሉ፤ የኋላውን እዚህ ያለነው እየለቀቅን እንዳይስት እናቀናዋለን። ቃሬዛው በራሱ እንጨት ግንዱ ላይ ይንሸራተታል። ድልድዩ የሚሸከመው አስካለን ብቻ ይሆናል።

ይህን ስነግራችሁ አፍ ላይ ቀላል ነው። ሥራው ግን ጊዜ በላ። አንዱ ገመድ አጠረ፣ ሌላው በሰበሰ። ስንጀምር ፊት ለፊታችን የነበረው ጥላችን እግራችን ሥር ሲገባ አየሁ። አስካለ በየመሃሉ ታቃስታለች። በእያንዳንዱ ማቃሰት ገመቹ ያየኛል። እኔ ቋጠሮ እቋጥራለሁ።

ቃሬዛውን ግንዱ ላይ አሳረፍነው። አንዲት መንገደኛ ሴት አንገቷን እየነቀነቀች «ሬሳ እንኳ በሰው ትከሻ ነው የሚሄደው» አለች።

አስካለም ሰማች። «ብቻዬን ነው?» አለችኝ።

«ብቻሽን ነው።»

«አንቺም አትመጪ?»

«እኔም አልመጣም።»

እጄን እንደገና ይዛ አልለቀቀችም። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከጣቶቼ አላቀቅኋቸው። አምስቱንም።

አዴ ሎሚ ሲንቄያቸውን አነሡ። ማዶ ያሉት ሳቡ። ቃሬዛው እርጥቡን ግንድ እየላሰ ሄደ። ማንም አልነካውም። ማንም ያልያዘው ቃሬዛ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። የሚጸልየው በየሃይማኖቱ ይጸልያል፤ ሁሉም እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት ደረቱ ላይ፣ ጭንቅላቱ ላይ ያደርገዋል።

መሃል ሲደርስ ቆመ። ማዶ ያሉት ጎተቱ፤ አልሄደም። የለበሰችው ጋቢ ወርዶ ግንዱ ላይ ባለ ጉጥ ተይዟል። አጥብቀው ቢስቡ ቃሬዛው ዞሮ ሊገለበጥ ነው። ከእኔ እስከ እሷ አሥር እርምጃ አይሆንም። ቀላል ነኝ፣ ቀጭን ነኝ፣ አንዲት ሴት ብጨመር ምን ይሆናል አልኩ። ያን ሁሉ ሰው የከለከልኩ ሰው፣ ገመዱን ለአጠገቤ ሰው ሰጥቼ አንድ እግሬን ግንዱ ላይ አሳረፍኩ። ማዶ ካለው ዳር ጓል የሚያህል አፈር ተቆርሶ ውኃው ውስጥ ገባ። እኔ ስለረገጥኩ ይሁን፣ ሊወድቅ የነበረ ይሁን፣ እንጃ። ብቻ ያኔውኑ ሲንቄው ደረቴ ላይ አረፈ።

«አንቺ ነሽ ያልሽው» አሉኝ አዴ ሎሚ።

ተመለስኩ። የቀረኝ ድምፄ ብቻ ነበር። «አስካለ፣ ጋቢው ተይዟል። በቀኝሽ ነው። ሳቢው» ብዬ ጮኽኩ። የሰማችኝ አልመሰለኝም። ከዚያ እጇ ቀስ ብሎ ከጋቢው ውስጥ ወጣ፤ እንጨቱን ዳሰሰ፤ ጨርቁን አገኘ። አንዴ ሳበች፤ አልወጣም። ምጡ መጣባትና እጇ ወደቀ። ስንጠብቅ ቆየን። ሲያልፍላት እንደገና እጇን አወጣችና ጋቢውን ጎትታ ቀደደችው። ቃሬዛው ተንቀሳቀሰ።

ማዶ ሲቀበሏት ሰዉ አልጮኸም። እኛም አንድ በአንድ ተሻገርን። ማዶ ደርሼ እጇን ፈለግሁ፤ ሰጠችኝ፤ ግን አልጨበጠችኝም። አሰላ እስክንገባ እጇ እጄ ውስጥ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ተቀምጦ ሄደ።

አስካለ ተረፈች። ልጁ ግን አልተነፈሰም። ወንድ ነበር። ሐኪም ቤት ውስጥ የተቀበለን ድሬሰር የሚሉት የሐኪም ረዳት እጁን እየታጠበ «ምን አዘገያችሁ?» አለ። ሥራው ስለሆነ ለመጣ ሁሉ የሚለው ይሆናል። ገመቹ ወለል ወለሉን አየ። ልጁ መቼ እንደሞተ፣ ከማለዳው ይሁን ገመድ ስንቀጥል በነበረበት ሰዓት፣ ብጠይቀው ኖሮ ይነግረኝ ነበር። አልጠየቅሁትም።

ድልድዩስ? ድልድዩ ቆመ። በማግሥቱ እነዚያው አህያ ነጂዎች አህዮቻቸውን ከነጭነታቸው አሻገሩበት። በሳምንቱ ከብት አለፈበት። ኦቦ ቱሉ ገበያ ባገኙኝ ቁጥር ከሩቅ «ልጄ፣ ድልድይሽ ቆሟል» ይሉኛል። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለጨዋታ ነው። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አለቅስ ነበር።

በመጨረሻ ትምህርት ቤት ሄጄ መምህር ይልማን ጠራሁት። ሁሉንም ነገርኩት። ያን ሁሉ ሰው ይሸከም ነበር ወይስ አይሸከምም ነበር፣ ይህን ብቻ ንገሩኝ አልኩት። የግንዱን ውፍረት ጠየቀኝ፣ ርዝመቱን ጠየቀኝ፣ የሰዎቹን ብዛት ጠየቀኝ። ወረቀት ላይ ጫረ ጫረና ተወው።

«አላውቅም» አለኝ። «ሊሸከም ይችል ነበር። ላይሸከምም ይችል ነበር።»

«ታዲያ እርስዎ ያስተማሩኝ ምንድን ነው?»

«ክብደቱ የት እንደሚያርፍ ነው ያስተማርኩሽ። ያረፈበት ይችለዋል አይችለውም የሚለው ሌላ ነገር ነው። እሱን እኔም ቆሜ ካላየሁት አላውቀውም።»

ከዚያ የዱላውንና የመዳፉን ነገር ደግሜ እንዳሳየው ጠየቀኝ። ሳሳየው ሳቀ፤ እኔ ሁለት ሚዛን ለምኜ ያሳየሁትን አንቺ በሁለት መዳፍ ጨረስሽው አለኝ። ተማሪዎቹ ፊት አቆመኝ። በሕይወቴ ክፍል ውስጥ የገባሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ሰሌዳው ፊት! ልጆቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በመዳፋቸው ያዙ፤ እየተደገፉ፣ ሳይደገፉ አነሡ። አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን አውጥታ መዳፍ የያዘውን ክብደት ማን ይይዘዋል አለችኝ። እግር አልኳት። እግርንስ አለች። መሬት አልኳት። መሬትንስ ስትለኝ መምህሩን አየሁት፤ እሱም እኔን አየኝ። ደወሉ አወጣን።

ልጆቼ፣ ይህ ቀን ምን እንደለወጠብኝ ብትጠይቁኝ ጠቢብ አላደረገኝም። ይልቁን የማልጠራጠርበትን ነገር ወሰደብኝ። ድሮ የሚያቃስት ስሰማ እጄ ከእኔ ቀድሞ ይሄድ ነበር። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የቆምኩበትን አያለሁ፤ ልረዳው ነው ወይስ ልጨመርበት ነው እላለሁ። እዚህ ላይ ስንት ጊዜ አርፍጃለሁ። የደረቀች ሴት ናት የሚሉኝም አሉ። እናንተ ሐዘንተኛ ቤት ስትገቡ፣ የተጣሉ ባልና ሚስት መሃል ስትገቡ፣ ይህን ብታስቡ አልጠላም። ብዙ አስባችሁ ጥላችሁ እግራችሁ ሥር ከገባ ግን፣ እኔን አትውቀሱኝ። ማሰቡ የቱ ጋ መቆም እንዳለበት እኔም አልደረስኩበትም።

አስካለ ከዚያ በኋላ ሦስት ወለደች። እኔ አገር ላገር ስዞር ኖሬ በየዓመቱ እሷ ጋ እገባለሁ። ስለ ከብቱ እናወራለን፣ ስለ ልጆቹ እናወራለን። ስለዚያ ቀን አንድም ቀን አላነሣችብኝም። እኔም አላነሣሁባት። የተቀደደውን ጋቢ ግን ሰፍታ ስትለብሰው ኖረች፤ ስፌቱ ከሩቅ ይታየኛል።

ከሦስት ዓመት በፊት ታማ ወደቀች። ስደርስ ቤቱ ሞልቷል። ልጆቿ፣ የልጅ ልጆቿ ቀና ሊያደርጓት ጠፍር አልጋዋ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ትራሷን፣ አንዱ ወገቧን፣ አንዱ እግሯን ይዟል። ጠፍሩ ወደ መሬት ረግቧል። እኔ እንደ ልማዴ በሩ ጋ ቆምኩ። አስካለ አየችኝና ፊቷ ትንሽ ተፈታ።

«ውረዱ» አለቻቸው ልጆቿን። «አልጋው ከበደው።»

ግራ ተጋብተው ወረዱ። ታላቂቱ ልጅ ወንበር አምጥታ ልታስጠጋኝ ስትል አስካለ በዓይኗ ከለከለቻት።

«ተዪያት፣ እሷ ዳር ላይ ትቁም» አለች። «ገመዱን የምትይዘው እሷ ናት።»

ይቅርታ ይሁን፣ ቀልድ ይሁን፣ ወይስ ያን ሁሉ ዓመት ያቆየችው ወቀሳ፣ አልጠየቅኋትም። በሕይወት የመጡላት ልጆችም፣ ያ ያልመጣላትም ፊቷ ላይ ነበሩ። የጋቢዋ ጫፍ ከአልጋው ወርዶ ተንጠልጥሏል። መሬት ላይ እንደቆምኩ ጎንበስ አልኩና ጫፉን ያዝኩት።